ሲይዝ የማይለቅ እጅ

[ሰው ሠራሽ እጅ የሚሠራበት ክፍል ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ካቻቢቴ፣ የሙጫ ቆርቆሮ፣ የቆዳ ማሰሪያና ከጄሶ የተቀዱ የክንድ ቅርጾች ተዝረክርከዋል። መሃል ላይ አዲሱ እጅ መቆሚያው ላይ ተተክሎ ያረጀ ኮት አንገት ጨምድዶ ይዟል። የኮቱ ባለቤት የቤት ቀለም ቀቢ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቡሩሽ» ይላቸዋል። ከመሰላል ወድቀው ቀኝ እጃቸው ከክርን በታች ተቆርጧል፤ ምላሳቸውን ግን ምንም አልነካውም። ፊት ለፊታቸው የቆመው ወጣት ኢንጂነር ነው፤ እጁን የሠራው እሱ ነው። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «አውቃለሁ» የማለት አመል አለበት። ከእናቱ ሆድ ሲወጣም አዋላጇን እንደዚያው ሳይላት አልቀረም። አሁን ኮቱን እያየ ደሙ ፈልቷል።]

ኢንጂነሩ፦ ጋሽ ቡሩሽ፣ ይሄ እኮ የኮት መስቀያ አይደለም!

ጋሽ ቡሩሽ፦ ታዲያ የኮት መስቀያው የታለ?

ኢንጂነሩ፦ የለም።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ስለሌለ ነዋ እዚያ የሰቀልኩት።

ኢንጂነሩ፦ ወንበር አለ አይደል?

ጋሽ ቡሩሽ፦ ወንበሩ ላይ እኔ አለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ለመሆኑ ማን ጨብጥ አለው? እኔ ስወጣ ጣቶቹን ከፍቼ ነው የተውኩት።

ጋሽ ቡሩሽ፦ እዚህ ጎኑ ላይ ያለችውን ነገር ነካ ሳደርጋት እንቅ አደረገልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እንደያዘልኝ ነው፤ ደከመኝ አላለም። ጎበዝ እጅ ነው። የኔ ልጅ እንኳ ትንሽ ያዝልኝ ስለው ያቃስታል።

ኢንጂነሩ፦ ከጠዋት ጀምሮ? ላስደንቅዎ ብዬ ስንት ጊዜ የለፋሁበትን ነገር በኮት ሞከሩት?

ጋሽ ቡሩሽ፦ ደነቀኝ እኮ! ሳልነግርህ ቀርቼ ነው እንጂ ብቻዬን ስደነቅ ነው የቆየሁት።

[ኢንጂነሩ ማብሪያውን ይነካል። እጁ «ዝዝዝ» ብሎ ይከፈታል፤ ኮቱ ወለሉ ላይ ዘፍ ይላል። ማንም አያነሳውም።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ ይቺ ቀይ መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ምን ማለት…

ኢንጂነሩ፦ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ምንም አይደለም። አሁን ክንድዎን ያምጡ።

[እጁን ያጠልቅላቸዋል። ማሰሪያውን ከክርናቸው በላይ ጠበቅ ያደርጋል።]

ኢንጂነሩ፦ ዛሬ ቀልድ የለም። ነገ ዲዛይኑ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ አንድ ብሎን መቀየር አይቻልም፤ ፋብሪካው ልክ በዚህ መልኩ ለስንቱ ሰው ያመርተዋል። ስለዚህ የተጠቃሚ ተሞክሮ እፈልጋለሁ። የርስዎን!

ጋሽ ቡሩሽ፦ እኔም ነገ ቀልድ የለኝም። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ሰጥተውኛል። ከወደቅኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ድሮ እኔ የቀባሁት ግድግዳ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያንሸራትታት ነበር፤ አሁን ግን ሚስቴ «መሰላል የሚይዝ እጅ ሳታሳየኝ አንድ ደረጃ ብትወጣ መሰላሉን ፈልጬ ነው የማነደው» ብላለች። ታደርገዋለች ደግሞ።

ኢንጂነሩ፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሚስቴን?

ኢንጂነሩ፦ ጭንቀትዎን ማለቴ ነው! እሺ፣ የመጀመሪያውን እጅ ቤትዎ ወስደው ተጠቅመውበታል። ምን ምን ሠሩበት?

ጋሽ ቡሩሽ፦ ምስማር መታሁበት።

ኢንጂነሩ፦ ጎሽ! መዶሻውን በደንብ ያዘልዎ?

ጋሽ ቡሩሽ፦ የምን መዶሻ? በሱ በራሱ ነዋ የመታሁት።

ኢንጂነሩ፦ አምስት ጣት፣ አምስት ሞተር ባለው እጅ?

ጋሽ ቡሩሽ፦ አምስቱንም ጨብጬ ነው። አንዱም ሥራ አልፈታም።

ኢንጂነሩ፦ [ግንባሩን ይዞ] ሌላስ?

ጋሽ ቡሩሽ፦ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ያዝኩበት። አወለቅኩና ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ውሃ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ወንበሩ አልተያዘብኝም። እንዲያውም ጠቅላላ አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

ኢንጂነሩ፦ ሰው ሮጠ?

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሹፌሩም ጭምር። ደግሞ ቀለም አማሰልኩበት።

ኢንጂነሩ፦ ለካ አመልካች ጣቱ አረንጓዴ የሆነው ለዚህ ነው! ውሃ እንዳይነካው ብዬ አስጠንቅቄ አልነበረም?

ጋሽ ቡሩሽ፦ ዘይት ቀለም ነው። ጠብታ ውሃ የለበትም። ቃልህን አክብሬያለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ጋሽ ቡሩሽ፣ ይሄ እጅ እኮ እንቁላል ሳይሰብር ያነሳል! እንቁላል!

ጋሽ ቡሩሽ፦ እንቁላልማ በግራዬ አነሳለሁ። ግራዬ ደህና ነው፣ እንቁላልም ያነሳል፣ አፍንጫም ያብሳል። እኔን የቸገረኝ እንቁላሉን ስመታ ሳህኑን የሚይዝልኝ ነው። ሳህኑ እየሮጠ፣ እኔ እየተከተልኩ፣ ጠረጴዛው ያልቃል።

ኢንጂነሩ፦ አውቃ… ሳህኑ ይሮጣል?

ጋሽ ቡሩሽ፦ አንድ እጅ ላለው ሰው የማይሮጥ ነገር የለም። ዳቦው ይሮጣል፣ ወረቀቱ ይሮጣል፣ ባልዲው ይሮጣል። የኔ ጥያቄ አጭር ናት፤ ይያዝልኝ። ያንተ እጅ ግን ሳስነጥስ ይከፈታል።

ኢንጂነሩ፦ እጁን የሚያዘው የክንድዎ ጡንቻ ነው። ሲያስነጥሱ ጡንቻው ይወጠርና «ክፈት» ያሉት ይመስለዋል። አውቃለሁ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ አንተ ብታውቅ ምን ይጠቅማል፤ አማቴ አላወቁም። ከአያታቸው የወረሱትን ብርጭቆ ይዤላቸው አስነጠስኩ። እስከዛሬ «ይማርህ» አላሉኝም።

ኢንጂነሩ፦ ይሄ ይስተካከላል።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሳፍር ደግሞ «ዝዝዝ» ይላል። የጎረቤታችን ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት «ዝዝዝ»! አንዱ «እባካችሁ ሞባይል አጥፉ» አለ። እኔም አብሬ ዞር ዞር እያልኩ ባለሞባይሉን ፈለግኩ። በፈለግኩ ቁጥር አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ጮኸ።

ኢንጂነሩ፦ የሞተር ድምፅ ነው፤ አውቃለሁ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ቆይ፣ ዋናው አልመጣም። መዋሸት አቃተኝ! ሚስቴ «የት አመሸህ?» ትለኛለች። እኔ «ሥራ» እላለሁ፤ እሱ «ዝዝዝ» ይላል። አሁን እኔን መጠየቅ ትታለች፤ ጥያቄዋን በቀጥታ ለሱ ነው የምታቀርበው።

[ኢንጂነሩ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ከዚያ ግን በሠራው እጅ ላይ እየተሳቀ መሆኑ ትዝ ይለውና ይኮሳተራል። ሲኮሳተር ደረቱን የመንፋት ልማድ አለው።]

ኢንጂነሩ፦ ይስሙኝ ጋሽ ቡሩሽ። የርስዎን ችግር እንደኔ የተረዳ ኢንጂነር የለም። እኔ ለዚህ ሥራ ስል ቀኝ እጄን ከጀርባዬ አስሬ አንድ ሳምንት ኖሬያለሁ!

ጋሽ ቡሩሽ፦ [ከወንበራቸው ብድግ ብለው] አንድ ሳምንት ሙሉ?

ኢንጂነሩ፦ ሙሉ!

ጋሽ ቡሩሽ፦ ወንድ! እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን። ማን አሰረህ?

ኢንጂነሩ፦ ባለቤቴ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ የሸሚዝህን ቁልፍ ማን ቆለፈልህ?

ኢንጂነሩ፦ እሷው።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ጥርስ መፋቂያህ ላይ ሳሙናውን?

ኢንጂነሩ፦ እሷ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ዳቦህን?

ኢንጂነሩ፦ [ቀስ ብሎ] ቆርሳ ታጎርሰኝ ነበር።

ጋሽ ቡሩሽ፦ እሷ ሥራ ስትሄድስ?

ኢንጂነሩ፦ ፈትታኝ ትሄዳለች።

ጋሽ ቡሩሽ፦ [ተመልሰው እየተቀመጡ] አንተ ልጅ፣ አንተ የኖርከው በአንድ እጅ አይደለም። ግራህ አንድ፣ የሷ ሁለት፤ በሦስት እጅ ነው የኖርከው! ለኛ ያመጣኸው ተሞክሮ የባለ ሦስት እጅ ሰው ተሞክሮ ነው።

ኢንጂነሩ፦ [ጆሮው ቀልቶ] የጠየቁትን ግን ሠርቻለሁ! «ሲይዝ የማይለቅ» አላሉኝም? ይኸው። ስሙን «ሙጥኝ» ብዬዋለሁ። ማብሪያዋን ሲነኩ ጣቶቹ ይቆለፋሉ። ቢያስነጥሱ፣ ቢያፍሩ፣ አማትዎ ራሳቸው ቢመጡ አይለቅም!

ጋሽ ቡሩሽ፦ ኮቴ ነግሮኛል። ግን መሰላል ላይ እያለሁ ባትሪው ቢያልቅስ?

ኢንጂነሩ፦ አውቃለሁ! አስቤበታለሁ! ባትሪው ቢያልቅም አይለቅም። እንደቆለፈ ይቀራል። አይወድቁም!

ጋሽ ቡሩሽ፦ አልወድቅም። እሰየው። እንዴት ነው የምወርደው?

ኢንጂነሩ፦ ለምን ይወርዳሉ? … ማለቴ… እሱን በኋላ እናያለን። አሁን ይጨብጡኝ! ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ በገዛ እጄ ላሳይዎ።

[ቀኝ እጁን ይዘረጋል። ጋሽ ቡሩሽ በአዲሱ እጅ ይጨብጡትና በግራቸው ማብሪያዋን ነካ ያደርጋሉ። ጣቶቹ የኢንጂነሩን መዳፍ ያቅፋሉ፤ አያሳምምም፣ ግን አያላውስም። ጋሽ ቡሩሽ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ቡሩሽ አውጥተው አፍንጫቸውን ይኮረኩራሉ።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ እ… እ… እጢሽ!

ኢንጂነሩ፦ ይማርዎ! አልለቀቀም! አዩ? አልለቀቀም!

ጋሽ ቡሩሽ፦ ቆይ፣ ሌላም ልሞክረው። [ድምፃቸውን ከፍ አድርገው] እኔ በሕይወቴ ለሚስቴ ዋሽቼ አላውቅም!

ኢንጂነሩ፦ ጸጥ! «ዝ» እንኳ አላለም!

ጋሽ ቡሩሽ፦ [ዓይናቸው እንባ አቅርሮ] አንተ ልጅ፣ ተባረክ። ነገ መሰላል ላይ ነኝ። በቃ፣ እንደገና ሰው ሆንኩ።

[ኢንጂነሩ ለዚህች ቃል ሲል ነው ስንት ሌሊት ያልተኛው። ደስታውን ሳያጣጥም ግን ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ ነው የዋለው።]

ኢንጂነሩ፦ እሺ፣ አሁን ይልቀቁኝ። ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ።

[ጋሽ ቡሩሽ ማብሪያዋን ይነካሉ። እጁ «ዝ…» ይልና ይሞታል። ቀይዋ መብራት ለመጨረሻ ጊዜ ብልጭ ብላ ትጠፋለች።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ ይቺን መብራት ልጠይቅህ ስል «አውቃለሁ» አልከኝ።

ኢንጂነሩ፦ ባትሪው አለቀ! እርስዎ ነዎት፤ ከጠዋት ጀምሮ ኮት አስይዘውት! ሲይዝ እኮ ይበላል!

ጋሽ ቡሩሽ፦ ኮት ይዞ ግማሽ ቀን ካልቆየ ትምህርት ቤት የሚያክል ግድግዳ ላይ እንዴት ሊያቆየኝ ነበር?

ኢንጂነሩ፦ እሱ… በኋላ! አሁን ቻርጅ እናድርገው። ገመዱ ያውና።

ጋሽ ቡሩሽ፦ [በግራቸው ገመዱን ስበው] ቀዳዳው የታለ?

ኢንጂነሩ፦ መዳፉ ውስጥ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ የማን መዳፍ?

ኢንጂነሩ፦ የሱ። ከ… ከእጄ ሥር።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሰው መጨበጫው ላይ የቻርጅ ቀዳዳ ትከታለህ?

ኢንጂነሩ፦ ጠረጴዛዬ ላይ ሁልጊዜ እንደተከፈተ ነው የሚቀመጠው! ውጪ ሲሆን ደግሞ ያስጠላል፤ ለውበት ብዬ ነው።

ጋሽ ቡሩሽ፦ እሺ፣ በካቻቢቴ እንፍታው። ብሎኖቹስ?

ኢንጂነሩ፦ [ወለሉን እያየ] እነሱም መዳፉ ውስጥ ናቸው።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ለውበት?

ኢንጂነሩ፦ ለውበት።

[ኢንጂነሩ አንዴ በግራ እግሩ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ ይቆማል። ነገሩ ከልብ እየጠናበት ነው።]

ኢንጂነሩ፦ መጋዝ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ግን አልችልም ጋሽ ቡሩሽ። አሁን መሄድ አለብኝ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ቀበቶህን ፍታና እንሂዳ።

ኢንጂነሩ፦ በግራ እጄ? በግራዬ ፈትቼ አላውቅም።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሳምንት ሙሉ ታስረህ?

ኢንጂነሩ፦ ባለቤቴ ነበረች አልኩ እኮ!

ጋሽ ቡሩሽ፦ እሺ፣ አትጩህ። የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም አልቅሰናል። አንደኛ፣ ግድግዳው ላይ ዳሌህን ደገፍ አድርግ፤ ቀበቶው እንዳይሮጥ። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣትህ ወደፊት ግፋ። ከዚያ ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ።

ኢንጂነሩ፦ ሆዴን ስስብ ሊያመልጠኝ ነው!

ጋሽ ቡሩሽ፦ እንግዲያው አትሳብ፤ ወደ ውጪ ንፋ። ደረትህን ስትነፋ ጎበዝ አልነበርክ?

ኢንጂነሩ፦ ይሳቁ! ይሳቁብኝ! እርስዎም እኮ አብረውኝ ነዎት። ሁለታችንም ተይዘናል!

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሁለታችን?

[ጋሽ ቡሩሽ በግራ እጃቸው የክርናቸውን ማሰሪያ ቀጭ ያደርጉና ክንዳቸውን ሽው አድርገው ያወጣሉ። ሰው ሠራሹ እጅ ከኢንጂነሩ መዳፍ ጋር ተጨባብጦ ወደ ወለሉ ይንጠለጠላል። ኢንጂነሩ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ማሰሪያውን የሠራው፣ የሰፋው፣ አሁን ቅድም በገዛ እጁ ያጠበቀው ራሱ ነው።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ የተያዝከው አንተ ነህ። እኔ እጄን ነው ያስያዝኩት። በል፣ ደስ ይበልህ፤ ይኸው ዛሬም ሦስት እጅ አለህ!

ኢንጂነሩ፦ ሊወልቅ ይችል ነበርና ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አሉኝ?

ጋሽ ቡሩሽ፦ አንተን «ይወልቃል» ብልህ ምን ትለኛለህ?

ኢንጂነሩ፦ … አውቃለሁ።

ጋሽ ቡሩሽ፦ ታዲያስ።

[ኮታቸውን ከወለሉ ያነሳሉ። አንገቱን በጥርሳቸው ይዘው፣ አንዴ ወዝወዝ አድርገው ይለብሱታል። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ግን ጠፍቷል።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ እዚህ እየሳቅኩ አወለቅኩት። ነገ መሰላሉ ላይ ብሆን ኖሮ ግን መዳፉ ውስጥ ያለው የመሰላሉ ብረት ነው። ማሰሪያዬን በግራዬ ስፈታ ደግሞ ሰውነቴን የሚይዘው ማን ነው? አንዴ ወድቄያለሁ ልጄ። መሬቱ እንዴት እንደሚመጣ አንተ አታውቀውም።

[ኢንጂነሩ «አውቃለሁ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣለትም። ፈራ። ነገ ይዘጋ የነበረውን ዲዛይን፣ መሰላል ላይ ተንጠልጥለው ይቀሩ የነበሩትን ሰዎች አሰበና ሆዱ ባዶ ሆነ። ፊኛው ግን አሁንም ሙሉ ነው።]

ኢንጂነሩ፦ ዲዛይኑ ነገ አይዘጋም። ቀዳዳውንም ብሎኑንም ወደ ውጪ አወጣለሁ፤ ቢያስጠላም ያስጠላ። ያለ ባትሪ የሚለቅ ገመድም እሠራለታለሁ። በ… በምን ቢሳብ ይሻላል?

ጋሽ ቡሩሽ፦ በትከሻ ይሳብ። ትከሻዬ ሥራ ፈት ነው። [ባዶ እጅጌያቸውን ያያሉ] የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ግን ለሌላ ቀቢ ሄደ በለኛ። ሚስቴ «የሚይዘው እጅ የታለ?» ስትለኝ ምን አሳያታለሁ?

[ጋሽ ቡሩሽ የተንጠለጠለውን እጅ፣ እጁ የጨበጠውን መዳፍ፣ ባለ መዳፉን ከእግር እስከ ራሱ ይቃኛሉ። ፊታቸው ቀስ እያለ ይበራል።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ ሲይዝ የማይለቅ እጅ ነበር የፈለግኩት አይደል? አንተን ነዋ የማሳያት! ነገ ጠዋት ግድግዳው ሥር እንገናኝ። ቡሩሹን እኔ፣ መሰላሉን አንተ። ግድግዳው እስኪያልቅ እንዳትለቅ።

ኢንጂነሩ፦ እኔ? እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ!

ጋሽ ቡሩሽ፦ አውቃለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ሥራ አለብኝ!

ጋሽ ቡሩሽ፦ አውቃለሁ። የተጠቃሚ ተሞክሮ ነው የምትሰበስበው። ከታች ሆነህ ወደ ላይ እያየህ ሰብስብ። የሚንጠባጠብ ቀለም አለ፤ አፍህን ዘግተህ ነው ታዲያ። እሱም አንድ ልምምድ ነው።

[ይወጣሉ። ኮሪደሩ ላይ የእግራቸው ኮቴ እየራቀ ይሄዳል።]

ጋሽ ቡሩሽ፦ [ከሩቅ] ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው!

ኢንጂነሩ፦ አውቃለሁ!

[በሩን በእግሩ ገፍቶ ሊሮጥ ይልና ይቆማል። ዳሌውን ግድግዳው ላይ ይደገፋል። በግራ አውራ ጣቱ የቀበቶውን ጫፍ ይገፋል፤ ቀበቶው ይብስ ይጠብቃል። በቀኙ የተንጠለጠለው እጅ ግድግዳውን ቋ፣ ቋ ያደርጋል። ላብ ያጠምቀዋል።]

ኢንጂነሩ፦ መግፋት… ከዚያ መሳብ… አይ፣ መንፋት… ከመንፋቱ በፊት ምን ነበር? [ወደ ኮሪደሩ እየጮኸ] ጋሽ ቡሩሽ! ጋሽ ቡሩሽ፣ ይመለሱ!

ጋሽ ቡሩሽ፦ [ከበለጠ ርቀት] ምን ሆንክ?

ኢንጂነሩ፦ አላውቅም! ጋሽ ቡሩሽ፣ በናትዎ… አላውቅም!